የወይፈኑ አንገት

ግንቦት አጋማሽ ነበር። በሰሜን ሸዋ የደነባ ጥቁር አፈር በበጋው ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል፤ አንድ ሁለት ቀን የጣለው ካፊያ ያራሰው ላይ ላዩን ብቻ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። የኦሪት ዘፀአትን ታሪክ ለልጆች በቀላል አማርኛ እየጻፍኩ ሳለ፣ የወርቁ ጥጃ ጋ ስደርስ «አንገተ ደንዳና» የሚለውን አውጥቼ «እልኸኛ» ብዬ ተካሁት። ልጅ ቶሎ ይገባዋል ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ገጹን ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ከእጄ የወደቀ እየመሰለኝ እረፍት አጣሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ልጠይቅ ተነሣሁ።

የኔታ ሐዲሳትን ከነትርጓሜያቸው የተማሩ፣ ዛሬ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ከደጃቸው በታች ባለው ማሳ የእኅታቸው ልጅ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ወይፈን ከለመደ በሬ ጋር ጠምዶ ይገራል። እኛ መደቡ ላይ፣ እሱ ትልሙ ውስጥ ሆነን ነው የተነጋገርነው።

የኔታ፦ አንብቢልኝ። ዐይኔ ከከዳኝ ወዲህ የማነበው በጆሮዬ ነው።

እኔ፦ እዚህ ጋ «እልኸኛ ሕዝብ» ብያለሁ፣ የኔታ።

የኔታ፦ አንገቱን የት አደረግሽው?

እኔ፦ አወጣሁት። የዛሬ ልጅ አንገተ ደንዳና ሲባል የሚታየው አንገቱ የወፈረ ጎረምሳ ነው። ደንዳና ወፍራም፣ ጠብደል ማለት ነው። ውፍረት ደግሞ ምን ጥፋት አለበት?

የኔታ፦ (ወደ ማሳው እየተጣሩ) አንተ ልጅ! አንገተ ደንዳና በሬ ብልህ ምን ይታይሃል?

ጋሼ፦ ደግ በሬ ነዋ! ሻኛው ሞላ፣ አንገቱ ደንደን ያለ በሬ ማን ይጠላል? የጅሩ ሰዎች ሰንጋ የሚያደልቡት ለምን ሆነና! እኔ ገበያ ስወጣ መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው።

እኔ፦ አዩ የኔታ? ለገበሬውማ ጭራሽ ምስጋና ሆነ።

የኔታ፦ አትቸኩዪ። የዕብራይስጡን መዝገበ ቃላት ስታገላብጪ ነው የምትውዪው አሉ። እዚያ ምንድን ነው?

እኔ፦ «ቅሼ ዖሬፍ» ይላል። ቅሼ ጠንካራ፣ ደረቅ ነው። ዖሬፍ ግን አንገት በሙሉ አይደለም፤ የኋላው ነው፣ ማጅራት። ሰው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ለሚጠራው የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ውፍረት ሳይሆን ድርቀት ነው። እንዲያውም «ማጅራቱ የገተረ ሕዝብ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ወዲያው ግን በሽታው መጣብኝ፣ ማጅራት ገትር። ሰረዝኩት።

የኔታ፦ እዚያ ቃል ላይ ቁሚ። ገተረ ምን ማለት ነው?

እኔ፦ ወጠረ፣ አደረቀ።

የኔታ፦ እንግዲህ «ግትር» የምንለው ሰው ከወዴት የመጣ ነው? «ገታራ»ስ? አባቶቻችን እምቢተኛውን ሰው ሲሰይሙት ሰውነቱን አይተው ነው የሰየሙት። ከዘመን ብዛት ቃሉ አካሉን ረሳ። አንቺ አንገቱን አውጥተሽ እልህን አስገባሽ። እልህ ሌላ ነው። እልህ በውስጥ የሚነድ እሳት ነው፤ ለደግም ይሆናል። ተማሪዬ «ይህን ቅኔ ሳልቆጥር አላድርም» ብሎ እልህ ሲይዘው እኔ ደስ ይለኛል። እነዚያ ወርቅ አቅልጠው ጥጃ የሠሩት ሰዎች እልህ ይዟቸዋል?

እኔ፦ አልያዛቸውም። ሙሴ ተራራው ላይ ቆየባቸውና ፈሩ። የሚመራቸው አጡ።

የኔታ፦ ታዲያ በፈራ ሰው ላይ እልህ ጻፍሽበት።

ይህን ሲሉኝ ወረቀቱን አጠፍኩት። ለካስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲረብሸኝ የከረመው ይህ ኖሯል። እኔ የቀየርኩት ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የተቀየረው ክሱ ነው።

ጋሼ፦ ስለ መገተር ከሆነ ወሬው፣ ኑና ይህን ወይፈን እዩት። ወይፈን ሲጠመድ በእግሩ አይደለም የሚታገልሽ። ቀንበሩ ሲያርፍበትና ማነቆው ሲገባ ማጅራቱን ይገትራል። ይኸው፣ ጅማቱ እንደ ጠፍር ተወጥሯል። ወደፊት እሺ ይላል፤ አይከፋም። ጉዱ የሚመጣው ትልሙ ጫፍ ላይ ነው። ተመለስ ስትይው የለመደው በሬ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይዞራል፤ ይሄኛው ቀጥ ብሎ የሰው እህል ውስጥ ይገባል።

የኔታ፦ «ተመለስ» ነው የምትለው?

ጋሼ፦ ሌላ ምን እላለሁ? ተመለስ ነው።

የኔታ፦ ሰማሽ? ነቢያትም የሚሉት እሱኑ ነው፤ ንስሐ ማለት መመለስ ነው። ኢሳይያስም የሕዝቡን አንገት የብረት ጅማት አድርጎ ነው የሚያየው። ጅማት ማለቱን ልብ በዪ፤ ሥጋ አላለም። ይህ ልጅ ኢሳይያስን አላነበበም፤ ያየውን ነው የነገረሽ።

እኔ፦ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «አንገተ ደንዳና» የሚለው ስድብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው እዚሁ የጥጃው ታሪክ ላይ ነው። ግብፅ ሳሉ አጉረምርመዋል፤ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጮኸዋል፤ በምድረ በዳ ውኃ ጠማን፣ ሥጋ አማረን ብለዋል። አንድም ጊዜ በዚህ ስም አልተጠሩም። ስሙ የመጣው ከሲና ቃል ኪዳን በኋላ ነው።

ጋሼ፦ ይገባኛል። ያልተጠመደ ወይፈንን ማን ግትር ይለዋል? መስክ ላይ ሲግጥ የሚውል ከብት እንደ ልቡ ነው። የሚታወቀው ቀንበር ሲነካው ነው።

እኔ፦ ፈርዖንም እኮ አንድ ጊዜ እንኳን አንገተ ደንዳና አልተባለም። የእሱ ሁልጊዜ የሚደነድነው ልቡ ነው። ቀንበር ጫኙ እሱ ነውና አንገቱ ላይ ምን አለ? ሴዴቅያስ ንጉሥ ሆኖ ሳለ አንገቱን አደነደነ የተባለው ለናቡከደነፆር ገብሮ፣ ምሎ ስለነበር ይመስለኛል። ኤርምያስም በዚያን ዘመን የእንጨት ቀንበር ሠርቶ በገዛ አንገቱ አጥልቆ ነበር የሚዞረው። ሐናንያ የሚባለው ሐሰተኛ ነቢይ ያንን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው።

የኔታ፦ ሕዝቡም ሐናንያን ወደደ።

እኔ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ እዚህ ጋ ነው፣ የኔታ። እኛም ሐናንያን ነው የምንወደው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቀንበር የሚለውን ቃል የሚሰሙት ከቅኝ ግዛት ጋር ነው። ቀንበር የሰበረ ጀግና ነው። አንገት ደግሞ በአማርኛ የክብር ቦታ ነው፤ ያዘነ፣ ያፈረ አንገቱን ይደፋል፤ ልጁ የተመረቀለት አባት አንገቱን ቀና ያደርጋል። ትሑት መስሎ የሚያደባውን ሰው እንኳን «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብለን ተርተንበታል። እንዲህ ባለ ቋንቋ ውስጥ አንገቱን አልሰብርም ያለ ሕዝብ ለልጁ አርበኛ ሆኖ ቢታየው ምን ይፈረድበታል?

የኔታ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) እውነትሽን ነው። ግን መጽሐፉም ያውቀዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን እግዚአብሔር የግብፅን ቀንበር ሰብሮ ቀና ብለው እንዲሄዱ እንዳደረጋቸው ይናገራል። ቀና ማለትን የሰጣቸው እሱ ነው። ጌታም ሸክም የከበደባቸውን ሲጠራ ቀንበር የለም አላለም፤ ልዝብ ነው አለ። አንተ፣ ልዝብ ቀንበር ምን ዓይነት ነው?

ጋሼ፦ ቀንበር ሲጠረብ ጫንቃ ላይ የሚያርፈው ቦታ ይለዘባል። እንጨቱን አለዝቦ ያልጠረበ ሰው በሬውን ያቆስለዋል፤ የቆሰለ በሬ ደግሞ ቢገትር አይፈረድበትም። አንዳንዱ በሬውን ግትር እያለ ይገርፋል፤ ጥፋቱ ከእንጨቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የምዳብሰው ቀንበሩን ነው።

ይህን ያህል የተናገረው ሰው መጽሐፍ እንደማያነብ ራሱ ነግሮኛል። እኔ ግን ከብዙ ማብራሪያ ያላገኘሁትን ከእሱ አገኘሁ። ግትር የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚዳሰስ እንጨት አለ።

የኔታ፦ የፈርዖንን ልብ ደግሞ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

እኔ፦ እሱ የባሰ ነው። ዕብራይስጡ በሦስት ግሥ ይጫወታል፦ ሐዘቅ፣ ከቤድ፣ ቀሻ። ሐዘቅ በረታ፣ ጠነከረ፤ ከቤድ ከበደ፤ ቀሻ ደረቀ። ብዙዎቹ የፈረንጅ ትርጉሞች ሦስቱንም «አጠነከረ» በሚል በአንድ ቃል ጨፍልቀዋቸዋል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን አንድ ቦታ «ጸና»፣ ሌላ ቦታ «ደነደነ» እያለ ይለያያል። እና «ጸና» ላይ ተሰናከልኩ። ጽናት እኮ ምግባር ነው! በሃይማኖት ጸና እንላለን፤ ለሐዘንተኛ መጽናናትን ይስጣችሁ እንላለን። ፈርዖን ላይ እንዴት ይጻፋል?

የኔታ፦ ኢያሱ ዮርዳኖስን ሊሻገር ሲል ምን ተባለ?

እኔ፦ «ጽና» ነው የተባለው።

የኔታ፦ በዕብራይስጡስ?

እኔ፦ ሐዘቅ። (ያን ጊዜ ነው የገባኝ።) ያው ቃል ነው፣ የኔታ። ኢያሱን ጽና ያለው ቃልና ፈርዖን ላይ የተጻፈው ቃል አንድ ነው።

የኔታ፦ እንግዲህ ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። ጉልበቱ አንድ ነው፤ ኢያሱ ወደ ተላከበት ጸና፣ ፈርዖን የሰው ልጅ እንዳይለቀቅ ጸና። ስታስተካክዪው ይህን ነበር የምትሰርዢው።

እኔ፦ «ከበደ» የሚለው ግን ጠፍቶብናል። ከቤድ ማለት እኮ ቃሉም ዘመዳችን ነው፣ ግእዙ ከብደ፣ አማርኛው ከበደ ይላል። ልቡ ከበደ ብንል ምን ነበረበት?

የኔታ፦ ሞክሪው። «ልቤን ከበደኝ» ያለ ሰው ምን ሆኗል?

እኔ፦ አዝኗል፤ ሐሳብ ገብቶታል።

የኔታ፦ አየሽ፤ ፈርዖንን አስተዛዘንሽለት። ዘመድ የሆነ ቃል ሁሉ አይታመንም። ትርጓሜ ቤት የሚነግሩን ይህን ነበር፤ ንባቡ አንድ፣ ምሥጢሩ ሌላ። ለዚያ ነው አንድም የምንለው፤ አንዱ ፍቺ ሳይበቃ ሌላውን እናስከትላለን። እግዚአብሔር የሰውን ልብ እንዴት ያጸናል ብለው የጠየቁም አሉ። ሊቃውንት በፀሐይ መስለው ይመልሳሉ፤ ያው ፀሐይ ሰሙን ያቀልጣል፣ ጭቃውን ያደርቃል። የደነባ ሰው መቼም ጭቃ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን አይነገረውም።

እኔ፦ የፈረንጅ አንባቢ «የጠነከረ ልብ» ሲል ርኅራኄ የሌለው ጨካኝ ነው የሚረዳው። እኔም ያንን እየሰማሁ ስላደግኩ ለልጆቹ «ጨካኙ ፈርዖን» ብዬ ጽፌ ነበር።

የኔታ፦ ርኅራኄ በእኛ ልብ ውስጥ መቼ ይኖርና? አንጀት ውስጥ ነው። አንጀቱ ራራ፣ ሆዱ ባባ ነው የምንለው። ልብ የማስተዋል ቤት ነው። ልብ በል፣ ልብ አድርግ፣ ልጁ ልብ ገዛ። ልቡ የደነደነ ሰው እንግዲህ ትምህርት የማይገባው፣ የሚነገረው የማይሰርጽበት ነው። ፈርዖን ዐሥር መቅሠፍት አይቶ አልተማረም። ጭካኔውማ መጀመሪያም ነበረ።

እኔ፦ እንግዲህ በዚህ ላይ አማርኛው ከፈረንጆቹ ይልቅ ለዕብራይስጡ ይቀርባል። እዚያም ልብ የሚያስበው ነው፤ ሆድና አንጀት ደግሞ የሚራራው።

የኔታ፦ እናቶቻችንም እኮ እምቢ ላለ ልጅ የሚሉት «ልቦና ይስጥህ» ነው። ይህ ሕዝቅኤል ነው። የድንጋዩን ልብ አውጥቼ ሌላ ልብ እሰጣችኋለሁ የተባለው በየቤቱ ይጸለያል፤ የሚጸልዩት ግን ሕዝቅኤል መሆኑን አያውቁም።

እኔ፦ እዚያም ላይ ተቸግሬያለሁ። በድንጋዩ ፈንታ የሚሰጠው «የሥጋ ልብ» ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ሥጋ ክፉ ስም አለው፤ ሥጋዊ ሲባል ዓለማዊ፣ የነፍስ ተቃራኒ ነው። ልጁ እግዚአብሔር ለምን ሥጋዊ ልብ ይሰጣል ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

የኔታ፦ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲያሳትሙ ስንት ዓመት ኢየሩሳሌም ተቀምጠው ዕብራይስጥ አጥንተው ነበር። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት እሳቸው ቀጠሉት፤ እሳቸውም ሳይታተምላቸው አለፉና ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አወጡት። ሦስቱም የሸዋ ሰዎች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ የሦስት ሰው ዕድሜ በላ። አንቺ በሦስት ሳምንት ጨነቀኝ ትያለሽ። ሥጋ ማለት እዚህ ጋ ከድንጋይ አንጻር ነው፤ ሲነኩት የሚሰማው፣ ሲወጉት የሚደማ። «ሕያው ልብ» ብትዪው አልቆጣሽም።

እኔ፦ አቡ ሩሚም ትዝ አሉኝ። ካይሮ ተቀምጠው መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። ሥራው ባለቀ ማግሥት በወረርሽኝ ሞቱ፤ ታትሞ አላዩትም። ሙሉው መጽሐፍ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 ነው። እኔ የማስበው ካይሮ ውስጥ ስለተቀመጡት ስለ እሳቸው ነው። ከማሳ ርቀው በከተማ መካከል አንገት ሲጽፉ ምን ይታያቸው ነበር?

የኔታ፦ የአገራቸው በሬ ነዋ።

ጋሼ፦ ጳውሎስ ብረቱን ተቃወመ የሚባለውስ? ቅዳሴ ላይ ሰምቼ አልገባኝም። የምን ብረት ነው?

እኔ፦ የእነሱ ገበሬ በሬ የሚነዳው ጫፉ በሾለ ረጅም በትር ነበር፤ ከኋላ ይወጋዋል። በሬው ወደኋላ ሲራገጥ ራሱ ይጎዳል። አማርኛው «የመውጊያ ብረት» ያለው እሱን ነው።

ጋሼ፦ እኛ በጅራፍ ነው። ጅራፍ ደግሞ ቢራገጡትም አያቆስል።

የኔታ፦ ስለዚህ ለዚህኛው ማብራሪያ ጻፊ፤ ለአንገቱ ግን አያስፈልግም። ለጆሮም አያስፈልግም። ዘካርያስ ጆሯቸውን ደፈኑ ያላቸውን እኛ «ጆሮ ዳባ ልበስ» አሉ እንላለን። ዳባ ለብሶ በብርድ የሚቀመጥ እረኛ ላየ ሰው ይህ ቃል ሌላ ትርጉም አያሻውም።

እኔ፦ እንግዲህ «አንገተ ደንዳና» ይመለስ ነው የሚሉኝ?

የኔታ፦ እኔ ይመለስ እላለሁ። የ1954ቱም፣ ከዚያ ወዲህ የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉምም አልነካውም። ሕዝቡ ሰምቶ ለምዶታል፤ ደንዳና በአንገት ላይ ሲገባ ድርቀት መሆኑን ጆሮ ተምሯል።

እኔ፦ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ይቆይ፤ በእሱ አልከራከርም። ለልጆቹ ግን «አንገተ ገታራ» እላለሁ። ውፍረቱ ይወጣል፣ ድርቀቱ ይመጣል፣ አንገቱም አልጠፋ። ግትር የሚለው ቃልም የጠፋበትን አካል ያገኛል።

የኔታ፦ (ፈገግ ብለው) ፈትኚው እንግዲህ። ልጁ ይኸውልሽ።

የጋሼ ልጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ውኃ ይዞ ወደ አባቱ ሲያልፍ ጠራሁትና ገጹን አነበብኩለት። ተራራው፣ የሙሴ መቆየት፣ ወርቁ፣ ጥጃው። «አንገተ ገታራ ሕዝብ» ስል ግንባሩን ቋጠረ።

ልጁ፦ ምን ነክቷቸው ነው? አንገታቸውን አሟቸው ነው?

ማንም አልሳቀም። የማጅራት ገትር ወሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰማ ነው፤ ልጁ የሰማውን ነው ያለው። እኔ ብዕሬን አውጥቼ ቃሉ ላይ መስመር ላሰምር ስል የኔታ እጄን ያዙኝ።

የኔታ፦ ቃሉ ምንም አላጠፋ። ቀንበሩን አልነገርሽውማ።

ጋሼ ከትልሙ ጫፍ ደርሶ «ተመለስ!» ሲል ሰማን። ወይፈኑ አንገቱን ገትሮ ወደ ጎረቤት ማሳ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ በሬው ግን ቀድሞ ዞሮ ነበርና ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ተንጋደደ። ልጁ ውኃውን እንደያዘ ዞሮ ያየዋል። እኔ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ከ«አንገተ ገታራ» በፊት ለአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሆን ክፍት ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።